የቀበሌ ስብሰባ በጸሎት ሲከፈት የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ስብሰባ እንዲሁ አይጀመርም። የልማት ኮሚቴም ይሁን የጸጥታ ውይይት፣ አንድ ሰው ተነስቶ «እስቲ በጸሎት እንክፈተው» ይላል። ልማዱን እወደዋለሁ። ተቆጥቶ የገባ ሰው ትንሽ ይበርዳል፣ ወሬው ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ወደ አንድ ጉዳይ ይመጣል። እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጸሎት ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ግን የቀበሌ አዳራሽ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይደለም። ግብር የሚከፍለው ሁሉ ቤቱ ነው። በዚያ ቤት ጸሎት ሲነሳ ደጋግመን የምንሳሳታቸውን ነገሮች ላንሳ።

እድርንና ቀበሌን አንድ ማድረግ

«እድራችን በጸሎት ይጀምር የለ? ቀበሌው ምን ልዩ ያደርገዋል?» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እድር ወደን የገባንበት ማኅበር ነው። ደንቡን የሚያወጡት አባላቱ ናቸው፣ አልስማማ ያለው ሌላ እድር ይገባል። ቀበሌን ግን አንመርጠውም። መታወቂያ የምናወጣው፣ መሸኛ የምንጠይቀው፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ የምናጽፈው ቤታችን ባለበት ቀበሌ ነው። «ጸሎታችሁ አልተመቸኝም፣ ሌላ ቀበሌ ልሂድ» አይባልም። ስለዚህ በማኅበርና በእድር የሚያምረው ነገር ቀበሌ ላይ ሲመጣ ሊከብድ ይችላል።

«ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ መነሳት

ጎንደር የአርባ አራት ታቦት ከተማ ናት። ጥምቀት ሲመጣ ዓለም ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይመጣል። ይህ ኩራታችን ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ተነስተን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «በስመ አብ» ሲባል አብሮ የሚያማትብ ሲመስለን ነው።

የሙስሊሙ ሰፈር አዲስ ዓለም ትናንት የተቆረቆረ አይደለም። ሙስሊሙ ነጋዴና ሸማኔ ከከተማዋ ጋር ነው የኖረው። ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ እየሠሩ፣ ብረት እየቀጠቀጡ ዘመናት አሳልፈዋል። ዛሬ ደግሞ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፣ አድቬንቲስቱም የጎንደር ነዋሪ ነው። እና አንድ ነገር መርሳት የለብንም። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ለብቻው ይስፈር ተብሎ የተወሰነው እዚያ ነው። ሃይማኖትና መንግሥት አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚለይ ይህች ከተማ ከማንም በላይ ታውቃለች።

አንድ ስብሰባ ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ የሚያቀርቡትን አቤቱታ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። «ተነሱና አባታችን ሆይ እንበል» ሲባል ግማሽ ድረስ ተነሱ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ግራ ቀኝ አዩና መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ እንደገና ተነሱ። ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ሲቀመጥ እሳቸው ፌስታሉን እግራቸው ሥር አስቀመጡት። የነዋሪ አስተያየት ሲጠየቅ እጃቸውን አላወጡም። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። ግን ስብሰባው የሌላ ሰው መሆኑን ከመነሻው ተነግሯቸዋል።

ጸሎቱን ሰብሳቢው ራሱ መምራት

ለኔ ከሁሉ የሚብሰው ይሄ ነው። ሊቀ መንበሩ ማህተም የያዘ ሰው ነው። ነገ ጉዳይህን ይዘህ ቢሮው ደጅ ትቆማለህ። እሱ ቆሞ «እንጸልይ» ሲል ግብዣ ይመስላል፣ ግን ማን እምቢ ይላል? የቆመውንም የተቀመጠውንም እያየ ነው። «ማንንም አላስገደድንም» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ማህተም የያዘ ሰው ሲጋብዝ ተጋባዡ ትእዛዝ ነው የሚሰማው።

የባሰም አለ። «ያልቆማችሁ ተነሱ እንጂ!» የሚል አስተናባሪ አጋጥሞኛል። ይሄ በምንም መንገድ መደረግ የለበትም። የማይጸልይ ሰው ተቀምጦ ዝም ካለ አክብሯል፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም።

የግድ መክፈቻ ካስፈለገ ለአገር ሽማግሌ ይሰጥ። ሽማግሌ ማህተም የለውም፣ ያለው ክብር ነው። ደግሞ ምርቃት ብዙ ሰው ያቅፋል። «አገራችንን ሰላም ያድርግልን፣ ክፉውን ያርቅልን፣ የተነጋገርነውን ለፍሬ ያብቃልን» ሲሉ አንዱ «አሜን» ይላል፣ ሌላው «አሚን» ይላል፣ ሁለቱም ከልቡ ነው። ሽማግሌውን ግን ቀደም ብሎ ማናገር ይጠቅማል፤ አለዚያ ምርቃቱ ሳይታወቅ ወደ ስብከት ይሄዳል። አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ መቆምም አለ። ለሞቱ ወገኖቻችን የኅሊና ጸሎት ስናደርግ ኖረናል፣ ለማንም አዲስ አይደለም። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁሉም በገዛ ቃሉ ይለምናል።

ሕገ መንግሥቱን ገምሶ መጥቀስ

አንዱ ይነሳና «አንቀጽ 11!» ይላል። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ ስለዚህ የጸሎት ድምፅ እንዳይሰማ። ሌላው «አንቀጽ 27!» ይላል። የሃይማኖት ነፃነት አለን፣ ስለዚህ የፈለግነውን እንጸልያለን። ሁለቱም ግማሹን ነው የያዙት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ስለ ስብሰባ መክፈቻ አንድም ቃል የለውም። አንቀጽ 27 ደግሞ ሰው እምነቱን ለብቻም ከሌሎች ጋርም፣ በይፋም በግልም የመግለጽ መብት ይሰጣል። በዚያው አንቀጽ ማንንም በማስገደድ የእምነት ነፃነቱን መገደብ እንደማይቻል ተጽፏል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ነዋሪው ይጸልይ፣ ቢሮው ግን አያስጸልይ የሚል ነው የሚገባኝ።

ዕድሜ የገፉ አባቶች «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ሲሉ ልክ ናቸው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ያ ሕግ ከንጉሡ ጋር ነው የሄደው። ልማዱ ግን ከሕጉ ዕድሜ በላይ ይቆያል፤ ለዚህ ነው አዳራሽ ውስጥ አሁንም የምናገኘው። አባቶቻችንን «ሕግ ጣሳችሁ» እያሉ ማሸማቀቅም ስለዚህ ተገቢ አይመስለኝም።

የፈረንጅ ፍርድ ቤት መጥቀስ

ይሄኛው የወጣቶቹ ነው። «አሜሪካ ተፈቅዷል!» ይባላል። እውነት ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒውዮርክ ግዛት የምትገኝ ግሪስ የምትባል ከተማ ስብሰባዋን በጸሎት መክፈቷን ፈቅዷል። ግን የተወሰነው በአምስት ለአራት ድምፅ ነው። በዓመቱ ደግሞ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳግኔ በተባለች የኩቤክ ከተማ የምክር ቤት ጸሎት እንዲቆም ወሰነ። እንግሊዝ አገር በ2012 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት የአንድ ከተማ ምክር ቤትን ጸሎት ከሕግ ውጪ አለ፣ በ2015 ፓርላማው ሕግ አውጥቶ መልሶ ፈቀደ። እነሱም ገና እየተከራከሩ ነው። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ወይም አዘዞ ላይ የተሰበሰበ ሰው በራሱ ጎረቤቶች ዓይን ይመዝነው።

ድንገት ተወካይ መፈለግ

ለማመጣጠን ተብሎ የሚሠራ ስህተት ነው። ቄሱ ጸልየው ሲጨርሱ ሰብሳቢው ድንገት ያስታውሳል። «ሼሁ አልመጡም? እስቲ ከእናንተ አንዳችሁ ዱዓ አድርጉልን!» አንድ ልጅ እግር ከኋላ ይገፋና ይቆማል። ይንተባተባል። ማክበር የታሰበው ሰው ተሸማቆ ይቀመጣል።

ሁለቱንም የምትጋብዙ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ተራውም ይቀያየር፤ አንዱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሌላው ሁልጊዜ ማሟያ አይሁን። ሁለት ብቻ ጠርቶ ሦስተኛውን መርሳትም አለ። ሁሉም ይጸልይ ከተባለ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው ምርቃቱን ወይም ጸጥታውን የምመርጠው።

በጸሎት ጥያቄ ማፈን

ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል። ነዋሪው የከተማዋ ውኃ ስለሚመጣበት ስለ አንገረብ ግድብ ሊጠይቅ፣ ስለ ወረፋው ሊያማርር መጥቷል። ድምፅ ከፍ ሲል ከመድረክ «በጸሎት ጀምረን በጭቅጭቅ አንጨርስ» ይባላል። ሰው ያፍራል፣ ዝም ይላል። ጀሪካኑ ግን ባዶ ነው። ፈጣሪን የለመነ ሰው ኃላፊውንም መጠየቅ ይችላል። ጸሎትን የመልስ ማምለጫ ማድረግ ጸሎቱን ራሱን ያረክሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሰላም ሲወራ ጥንቃቄው ይጨምራል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ቀብር ላይ በተነሳ ግጭት በዚህች ከተማ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ወገኑን የቀበረ ሰው ከጎናችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በዚያ አዳራሽ «የእኛ አምላክ»፣ «ጠላቶቻችን» የሚሉ ቃላት በጸሎት ውስጥ ሲገቡ ሰው ወዲያው «ማንን ነው?» ይላል።

ቀንና ሰዓት አለማየት

ባጭሩ፦ ዓርብ ከሰዓት በጁምዓ ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ «ሙስሊሞቹ አይሳተፉም» ማለት አይቻልም። እሑድ በቅዳሴ ሰዓትም እንዲሁ። በረመዳን ሻይና ዳቦ ሲቀርብ፣ በዐቢይ ጾም ወተት ያለው ነገር ሲዞር የሚጾመውን አስቡ።

ቅሬታን በጸሎቱ መሃል ማንሳት

ይሄ ደግሞ ልማዱ ያልተመቸው ሰው የሚሠራው ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ «ይሄ ሕገ ወጥ ነው!» ብሎ መጮህ ጉዳዩን ያበላሻል። ደጋፊህ ሊሆን የሚችለው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይቀየምሃል። የሚያዋጣው ከስብሰባው በፊት ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ሰብሳቢውን ማናገር ነው። ቢቻል ከሦስታችሁ አንዱ የሌላ እምነት ሰው ይሁን፣ አንዱም ሰብሳቢው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ይሁኑ። «ጸሎቱን ተዉ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ጋሼ፣ ሁሉም አሜን የሚልበት መክፈቻ ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?» በሉት። እሺ ካለ በቀጣዩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ፣ ሰብሳቢ ሲቀየር እንዳይረሳ። እሺ ካላለ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለክፍለ ከተማው አስገቡ፣ ግልባጩን ያዙ።