የቆርቆሮ ቤትን ከብርድ ለመከለል ገንዘብ እንዴት ይገኛል?

ካራ፣ የካ አባዶ፣ ጣፎ ወይም ሽሮ ሜዳ ላይኛው ጫፍ የሚኖር ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ምን ማለት እንደሆኑ አይጠፋውም። ቀን ቆርቆሮው ይፋጃል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ያው ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከውጭው አየር እንኳ ብሶ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ፍራሽ ላይ ጠብ የሚለው ውኃም በዚያ ወቅት የጣሪያ ቀዳዳ ሥራ አይደለም፤ የራሳችን ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ሲመለስ ነው። መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው፤ ኮርኒስ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

በብርድ አገሮች መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ድጎማ ይሰጣል ሲባል ትሰሙ ይሆናል። እኛ የምናንኳኳቸው በሮች ሌሎች ናቸው፦ እቁብ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ አሠሪ፣ እድር፣ የክረምት በጎ ፈቃድ። ገንዘቡ ከአንዱ ይገኛል። ሰው የሚወድቀው ሳይዘጋጅ ሄዶ ስለሚጠይቅ ነው።

1. ሥራውን ቆርሳችሁ ለኩ

«ለቤት እድሳት» ብሎ ብድር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቢሰጠውም ገንዘቡ ሥራው ሳያልቅ ያልቃል። አንድ ክፍል ምረጡ። እኔ መኝታ ቤቱን አስቀድሙ እላለሁ፤ ሳሎን ለእንግዳ ዓይን ነው፣ ብርዱ የሚገባው የተኛ ሰው ላይ ነው። 4 በ 5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው። አንድ ጂፕሰም ቦርድ ብዙውን ጊዜ 1.20 በ 2.40 ስለሆነ፣ ከቁርጥራጩ ጋር 8 ወይም 9 ይፈልጋል።

ስለ ዕቃው የራሴን ልናገር። ርካሹ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው፤ አናጺው ሞራሌ ደርድሮ ማዳበሪያውን ወጥሮ ይመታዋል፣ ቀለም ይቀባል። ሰዎች ይንቁታል፣ እኔ አልንቀውም። ብርዱን የሚይዘው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ታፍኖ የሚቆመው አየር ነውና፣ በደንብ የተወጠረና ጠርዙ የተዘጋ ማዳበሪያ፣ ክፍተቱ ካልተደፈነ ጂፕሰም ይልቅ ይሻላል። ችፑድ ውኃ ከነካው ያብጣል። ጂፕሰም ያምራል፣ ግን ከባድ ነው፣ ደረቅ ጣሪያም ይፈልጋል። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ ወይም ካርቶን መጠቅጠቅ የሚመክሩ አሉ፤ ያ ሁሉ የመብራት ገመድ ባለበት አልደፍረውም። አይጦቹም በጣም ይወዱታል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚስማሮቹን ጎማ ይይ። አንድ ጎረቤቴ ብድሩን ሁሉ ጂፕሰም ላይ አውሎ የጣሪያውን ሚስማር ሳያስነካ ቀረ። ሐምሌ ላይ ኮርኒሱ ሳሎኑ መሃል ወረደ። ኮርኒሱ ወረደ እንጂ ዕዳው አልወረደለትም።

ከዚያ ከሁለት ወይም ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ፣ ማለት የዋጋ ማቅረቢያ፣ አስጽፉ። ዋጋው የሚጸናበት ቀን አጭር ስለሆነ ማመልከቻው ከተዘጋጀ በኋላ ማስጻፉ ይሻላል። የአናጺውን የእጅ ዋጋና የጭነቱን ጨምሩበት። መርካቶ ርካሽ ነው ብሎ መሮጥ የለመደብን ነው፤ ለአንድ ክፍል ዕቃ ግን የአይሱዙው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል።

2. ቤቱ በማን ስም ነው?

ካርታ ያለው ሰው ባንክ መሄድ ይችላል፤ ለአንድ ኮርኒስ ግን ግምቱና ምዝገባው ከሥራው በላይ ያደክማል፣ አልመክረውም። ካርታ የሌለው፣ ማለት እንደኛ ከከተማው ዳር ያለ ብዙ ሰው፣ ቤቱን ማስያዣ ማድረግ ስለማይችል በቀጥታ ወደ ዋስ ይሄዳል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ከወረዳው ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ተከራይ ከሆናችሁ ወጪው ከኪራዩ እንዲቀነስ ከአከራዩ ጋር ተፈራረሙ። በኪራይ ቁጥጥር አዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ስለሆነ፣ ወጪውን በየወሩ ለማቻቻል በቂ ጊዜ አለ። በቃል የተስማማ ተከራይ ኮርኒሱን ለአከራዩ መርቆ ይወጣል።

3. በሮቹ

ለኮርኒስ የሚመቸው ወር ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ውርጩ አልገባም። ስለዚህ ከጥቅምት ወደ ኋላ ቁጠሩ።

እቁብ ወለድ የለውም። 20 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል ባለዕጣው 20,000 ብር ያነሳል። ችግሩ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። ለዳኛው ቀድማችሁ ብትነግሩ፣ አባላቱም ካመኑበት፣ በችግር ስም ዕጣው የሚሰጥበት እቁብ ብዙ ነው። ዕጣ ከሌላ ሰው መግዛትም አለ፤ ለኮርኒስ ግን አያዋጣም፣ ከባንክ ወለድ የሚብስበት ጊዜ አለ።

የቁጠባና ብድር ማኅበር ለወራት ሳታቋርጡ እንድትቆጥቡ ይጠይቃል፣ ብድሩንም ከቁጠባችሁ ጋር አገናኝቶ ያሰላል። መጋቢት ላይ የጀመረ ለጥቅምት ይደርሳል። ከመመዝገባችሁ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ፤ ስንት እጥፍ እንደሚያበድርና ስንት ዋስ እንደሚጠይቅ እዚያ አለ።

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ መጀመሪያ አሠሪያችሁን ጠይቁ። በኋላ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚመለስ የደመወዝ ቅድሚያ ያለ ዋስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም፤ ስሌታችሁን በዚያ ልክ አድርጉ።

ለአቅመ ደካሞች፣ በተለይ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን፣ ወረዳዎች በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ ቤት ያድሳሉ። ሐምሌ ላይ ሄዶ መለመን ግን ዘግይቷል፤ ስም የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወረዳው ደጅ ተገኙ። እድራችሁም ጠንካራ ከሆነ ለእማማ እገሌ የሚመሰክረው እሱ ነውና ደብዳቤ አጽፉ።

4. ዋስ

ዋናው ጭንቅ ይሄ ነው። ሌላውን ወረቀት በሁለት ቀን ትጨርሱታላችሁ፤ ዋስ ግን ሰው ነው፣ ያመነታል፣ ስልክ አያነሳም፣ «ባለቤቴን ላማክር» ይላል።

ባለቤቴን ላማክር ማለቱ ሰበብ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጋሽ እገሌን ከሥራ ሲወጣ መንገድ ላይ ይዛችሁ አትለምኑት። ቤቱ ሂዱ፣ ሁለቱ ባሉበት ተናገሩ። እሷ ካልሰማች ፊርማው ቢገኝም በኋላ የሚያጣላ ነው። እናንተም ያገባችሁ ከሆነ የትዳር አጋራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አበዳሪው የሁለታችሁንም ፊርማ ይጠይቃል።

ስትሄዱ ሦስት ነገር ያዙ፦ ፕሮፎርማውን፣ የወር ገቢያችሁን የሚያሳይ ነገር፣ በየወሩ ስንት እንደምትከፍሉ የተጻፈበት ወረቀት። ሰው የሚፈራው ገንዘቡን አይደለም፣ መጨረሻውን አለማወቁን ነው።

ከዚያ የሚፈርመውን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ዋስትናው የሚሸፍነው ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ተጽፏል ወይ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት መጠኑ ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም። ቦታውን ባዶ ትቶ ማስፈረም የለመዱ አሉና ቁጥሩ ሳይሞላ ዋሳችሁ እንዳይፈርም። ሁለተኛ፣ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ አለ ወይ? ካለ አበዳሪው እናንተን ሳይነካ በቀጥታ ዋሱን መጠየቅ ይችላል። ይህ የሌለበት ተራ ዋስ ግን መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይታይ ብሎ መከራከር ይችላል። አብዛኛው አበዳሪ የመጀመሪያውን ዓይነት ነው የሚያስፈርመው፤ ቢሆንም ዋሳችሁ ይህን ከእናንተ አፍ ይስማው። ይህን ሰምቶ የፈረመ ሰው አንድ ወር ብትዘገዩ እንኳ አይደነግጥም፤ ሳይነገረው የፈረመ ግን የመጀመሪያዋ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ ጎረቤትነቱም ያልቃል።

ዋሳችሁ ቀድሞ ለሌላ ሰው ዋስ ከሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ላይሰጠው ይችላል። ይህን መጀመሪያ ጠይቁት፣ ከአንድ ሳምንት ድካም ትድናላችሁ። ሁለት ጓደኛሞች እርስ በርስ ዋስ መሆን ጥሩ ዘዴ ይመስላል፤ አንዱ ሲንገዳገድ ሁለቱም የሚወድቁበት ስለሆነ አልወደውም።

5. ገንዘቡ ሲወጣ

በዚያው ቀን ዕቃውን ግዙ። እጅ ላይ ያደረ ብድር ለክርስትና፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ይሄዳል፤ ሚስማሩም ዋጋ ይጨምራል። አናጺውን በሦስት ክፈሉት፦ ሲጀምር፣ ሞራሌው ሲያልቅ፣ ሲጨርስ። ደረሰኞቹን ሁሉ አስቀምጡ፤ አንዳንድ ማኅበር ብድሩ ለተባለው ሥራ መዋሉን ያያል።

ሥራው ላይ አንድ ነገር ብቻ ተቆጣጠሩ፦ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን ይዘጋ፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት ግን በክዳኑ ጠርዝ በኩል ትንሽ አየር ያግኝ፣ አለበለዚያ እርጥበቱ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የመብራት ገመዱ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ከሰልን በተመለከተ ቀልድ የለም። ድሮ ቤቱ በየቦታው ስለሚያስተነፍስ የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ያልገደለው ሰው፣ በኮርኒስ በተከደነ ክፍል ያንኑ ካደረገ ላይነቃ ይችላል። የከሰሉ መርዝ ሽታም ጭስም የለውም። ኮርኒስ ያሠራ ቤት ከሰሉን ውጭ ያጠፋል፣ ለሌሊቱ ብርድ ልብስ ይጨምራል።

የመጨረሻውን ክፍያ የከፈላችሁ ዕለት ከማኅበሩ ክሊራንስ፣ ማለት ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ አጽፉ፣ የዋሳችሁም ስም ከመዝገቡ መሰረዙን አረጋግጡ። አንዱን ኮፒ በእጁ አድርሱለት፤ ለሳሎኑ ኮርኒስ የምትለምኑት እሱኑ ነው።