ዝናብ ሲመታው አልይዝ ያለኝ ፍሬን

ሥራዬ ጅሬን፣ ቤቴ ሄርማታ ነው፤ የምመላለሰው በብስክሌት። ሰኔ ከገባ ጅማ እንደምታውቋት ናት፤ ጠዋት ጥርት ብሎ ያባበለ ሰማይ ማታ ዶፉን ያወርደዋል። መበስበሱን ለምጄዋለሁ። ያስደነገጠኝ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ጨምቄ ብስክሌቱ ከነመፈጠሬም የረሳኝ ይመስል ዝም ብሎ መውረዱ ነው።

መጀመሪያ የፍሬኑን ሽቦ አጠበቅሁ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ፦ ካቴናው እንዳይዝግ ብዬ ያፈሰስሁት ዘይት ተረጭቶ ቸርኬውን ሸፍኖታል። በጣቴ ብነካው ጥቁር ቅባት ተከተለኝ። በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብሁት። የፍሬኑን ጎማዎች ፈትቼ ሳይ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ቀይ አሸዋም ተሰክቶባቸዋል። አሸዋውን በመርፌ ለቀምሁ፤ ከዚያም እስኪሻክሩ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኋቸው። ካቴናውን አሁን በጠብታ ቀብቼ ትርፉን በጨርቅ እጠርጋለሁ።

እርጥብ ቸርኬ ግን ንጹሕም ቢሆን ወዲያው አይያዝም፤ የፍሬኑ ጎማ አስቀድሞ ውኃውን መጥረግ አለበት። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀለል አድርጌ መያዝ እጀምራለሁ። ለጭቃው ደግሞ ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ፓራፋንጎ ቆርጬ በሽቦ አሰርሁ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ባየው ቁጥር ይስቃል።