ቪኔት ዜሮ ዛሬ የማን ነው?

ደሴ ፒያሳ ላለ አንድ ቢሮ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ ሠርቼ ነበር። አንዱ ለሂሳብ፣ ሌላው ለፋይል። የፋይሉ ማሽን መስመሩን እንዳያጨናንቅ ብዬ፣ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ያኔ የእሱ የኔትወርክ ካርድ ስም በነበረው ቪኔት1 ላይ የፍጥነት ገደብ የሚጭን ስክሪፕት ጻፍኩ። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ። ጠዋት የሂሳብ ሠራተኛዋ ደወለች፤ "ሲስተሙ ሞቷል!" ማሽኖቹ የተነሱበት ተራ ተለዋውጦ፣ ገደቡ እሷ ላይ አርፏል።

ኬቪኤምን (ሊኑክስ ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራውን) በሊብቨርት (ማሽኖቹን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ስታስነሱ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን ሰርቨሩ ላይ ታፕ የሚባል፣ በሶፍትዌር የተሠራ የኔትወርክ ካርድ ይፈጠራል። ማሽኑ ሲጠፋ ካርዱም ይጠፋል። ስም የሚያገኘው በተራው ነው፤ ቪኔት0፣ ቪኔት1 እያለ። ማሽኑ ውስጥ ገብታችሁ የምታዩት ኢኤንፒ1ኤስ0 ሌላ ስም ነው፤ አታምታቱት።

የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ "ቨርሽ ዶምአይኤፍሊስት" ብላችሁ የማሽኑን ስም ጨምሩ። ካርዱን፣ ብሪጁን (ካርዶቹን እንደ ስዊች የሚያገናኘውን)፣ ማክ አድራሻውን (የካርዱን መለያ ቁጥር) ያሳያችኋል። ማኩ አብዛኛውን ጊዜ በ52:54:00 ይጀምራል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ታፕ ግን በ52 ፋንታ ኤፍኢ ይላል። አብሽሩ፣ ስህተት አይደለም። ብሪጅ ካልተነገረው በቀር ከተሰኩበት ካርዶች ትንሹን ማክ ለራሱ ይወስዳል። ኤፍኢ ትልቅ ስለሆነ አይመረጥም። ስለዚህ ማሽን በተነሳና በጠፋ ቁጥር የብሪጁ አድራሻ አይዋዥቅም። ይህን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ!

አሁን ስሙን እናስተካክል። በ"ቨርሽ ኤዲት" የማሽኑን ማዋቀሪያ ፋይል ክፈቱ። ኢንተርፌስ የሚለው ክፍል ውስጥ ሶርስ ብሪጁ ቢአር0 መሆኑን እዩ። እዚያው ታርጌት ዴቭ ብላችሁ የራሳችሁን ስም ስጡት፤ እኔ ሂሳብ0 አልኩት። ከ15 የእንግሊዝኛ ፊደል አይብለጥ። በቪኔት አይጀምር፤ ሊብቨርት ይጥለዋል። ከዚያ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አስነሱት። ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም።

"ብሪጅ ሊንክ" ስትሉ ከአዲሱ ስም ጎን ማስተር ቢአር0 ካለ ተሰክቷል። ዋይፋይ ካርድን ብሪጅ ውስጥ ለማስገባት ግን አትልፉ፤ አብዛኛው አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) ያልተመዘገበ ማክ አያሳልፍም። ኬብል ሳቡ።

እኔ የሁለቱንም ማሽኖች ስምና ማክ ነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ሰርቨሩ ጎን ለጥፌዋለሁ። መብራት በሄደ ማግስት የሚመጣው ሌላ ልጅ ቢሆንም ያነበዋል።