የድሮ ኤም3 ሱስፔንሽን ስታሻሽሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቢኤምደብሊው ኢ36 ኤም3 (ኢ36 የ1990ዎቹ ሞዴል መለያ ነው) አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ከ1995 እስከ 1999 (እንደ ፈረንጆቹ) ባሉት ሞዴሎች ነው። የመጀመሪያው ዓመት ባለ 3.0 ሊትር ነበር፤ ከ1996 ጀምሮ 3.2 ሆነ። ሁለቱም 240 የፈረስ ጉልበት አላቸው። እኔ የምነዳው የ1997ቱን ነው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ኩርባ ላይ አያያዙ ግሩም ነበር። ዛሬ የሚዋልለው ሱስፔንሽኑ (ጎማዎቹን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙትና ንዝረቱን የሚያበርዱት ክፍሎች) ስላረጀ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ይረሳና ያልጎደለውን ነገር ሊጨምርለት ይሞክራል።

ያረጀውን ሳይቀይሩ አዲስ መደረብ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። መኪናው አልረጋ ሲል ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ጠንካራ ሞላና ውድ ሾክ ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ጎሚኒው (በብረቶቹ መገናኛ ላይ የሚገባው ላስቲክ) ላይ ነው። (ሞላ፣ ጎሚኒ፣ ቴስቲና። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የለመድኳቸው የጣሊያን ቃላት ናቸው። እዚህም ዕቃ ሳዝ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጡት እነሱ ናቸው።)

ኢ36 ላይ በደንብ የሚታወቅ አንድ ጎሚኒ አለ። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ትሬሊንግ አርም የሚባለው ክንድ፣ በፊት ጫፉ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። እሱ ሲበላ የኋላው ጎማ አቅጣጫ ይስታል። ነዳጅ ስትሰጡት በአንድ በኩል፣ እግራችሁን ስታነሱ በሌላ በኩል ይዞራል። መሪውን ሳትነኩት መኪናው ከኋላ ይታጠፋል።

የእኔው ከሀይዌይ መውጫ ኩርባ ላይ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ከኋላ ወርወር ይል ነበር። ጋራዥ ወሰድኩት። ከስር ሳያዩት “ሾክ ነው” አሉኝ። አራቱንም ሾክ አስቀየርኩ። ውርወራው እንዳለ ቀረ። በኋላ ራሴ መኪናውን አንስቼ ከስር ገባሁ። ረጅም የብረት ማንሻ ከጎሚኒው ጎን አስገብቼ ገፋ ሳደርገው ክንዱ ወደ ጎን ተንሸራተተ። በባትሪ ሳየው ላስቲኩ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ከብረቱ ለቋል። ሁለቱን ጎሚኒዎች ቀየርኩ። በዚያው ኩርባ መኪናው ቀጥ ብሎ አለፈ።

ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን አንሱና እየነቀነቃችሁ ፈትሹ። የፊትና የኋላ ክንዶቹን ጎሚኒ፣ ቦልጆይንቱን (ክንዱን ከጎማው በኩል የሚያገናኘውን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ)፣ ቴስቲናውን (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) እዩ። የኋላ ሾኮቹን የላይ መቀመጫ ደግሞ አትለፉት። ሲላላ ከሻንጣ ማስቀመጫው በኩል ኳ ኳ ይላል። ችላ ከተባለ የቦዲውን ቆርቆሮ ሊቀድ ይችላል። ሲቀየር ማጠናከሪያ ሳህን አብሮ ማስገባት ጥሩ ነው። እንደኛ አካባቢ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንበት ሀገር ከሆናችሁ ዝገቱንም በደንብ እዩ። ከመኪናው ስር ስትገቡ ደግሞ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር በፍጹም አትግቡ፤ ቋሚ መደገፊያ ይኑራችሁ።

ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግ

ዝቅ ያለ መኪና ያምራል። ግን የኢ36 የፊት ሱስፔንሽን ማክፈርሰን (ሾኩ ራሱ ቆሞ ጎማውን ከላይ የሚይዝበት) ነው፤ ይህ ዓይነት ሱስፔንሽን ብዙ መውረድ አይወድም። የታችኛው ክንድ ወደ ጎማው ሲሄድ ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል አለበት። መኪናው በጣም ሲወርድ ክንዱ ይገለበጥና የጎማው ጫፍ ከፍ ይላል። ያኔ ሮል ሴንተር የሚባለው መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል በላቀ ፍጥነት ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ርቀቱ በሰፋ ቁጥር መኪናውን የሚያጋድለው ጉልበት ይጨምራል። እንዳያጋድል ብላችሁ አውርዳችሁት፣ እሱ ጭራሽ ለማጋደል ይመቻቻል።

ሌላው ሾኩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወትበት ቦታ ነው። ወርዶ የተቀመጠ ሾክ ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ መጨረሻው ላይ ያለውን ላስቲክ ይመታል። ይሄ ኩርባ መሃል ላይ ከሆነ ጎማው መንገዱን ይለቃል። እኔ በየቀኑ የሚነዳ መኪና ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በላይ አላወርድም።

አዲስ ሞላ በአሮጌ ሾክ ላይ

ሞላ ሲታመቅ የያዘውን ጉልበት መልሶ ይለቃል። ያንን የሚያበርደው ሾኩ ነው። ሞላው ጠንክሮ ሾኩ ደክሞ ከሆነ መኪናው እየነጠረ ይሄዳል። ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ። የፊቱን ሞላ ከሾኩ ለመለየት ትክክለኛው መጭመቂያ ከሌላችሁ ለባለሙያ ስጡት። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ሁሉን ላስቲክ በፖሊዩሬታን መተካት

ፖሊዩሬታን (ከላስቲክ የጠነከረ ፕላስቲክ) አንዳንድ ቦታ ጥሩ ነው፤ የስታብላይዘር (መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ) ማሰሪያ ላይ ለምሳሌ። የትሬሊንግ አርሙ ጎሚኒ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይዞርም። ይጠመዘዛል፣ ያዘነብላልም። ደረቅ ነገር ስታስገቡበት ክንዱ ይታሰራል፣ ቆይቶም ይጮኻል። እኔ የመረጥኩት አዲስ የፋብሪካ ላስቲክ ከጎንና ጎን ገዳቢ ቀለበት ጋር ነው። ወደ ጎን መንሸራተቱን ይይዛል፣ መጠምዘዙን አይከለክልም።

ቡሎኑን መኪናው በአየር ላይ እያለ ማጥበቅ

ይሄ ስህተት ጥሩ መካኒኮችም ጋ ይታያል። የላስቲክ ጎሚኒ ከውስጥም ከውጭም ከብረት ጋር የተጣበቀ ነው። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል። መኪናው ተሰቅሎ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቃችሁ፣ ላስቲኩ ዕረፍቱ እዚያ ላይ ይሆናል። መኪናው መሬት ሲነካ ቆሞም እንኳ ተጠምዝዞ ይውላል። ብዙ ሳይቆይ ይቀደዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ በእጅ ያዝ አድርጉት። ከዚያ መኪናውን በጎማዎቹ ላይ አሳርፉትና በፋብሪካው የማጥበቂያ ልክ አጥብቁ።

ትልቅ ቸርኬ፣ አሮጌ ጎማ

ከ1996 በኋላ የመጣው ኤም3 ፊት 225/45፣ ኋላ 245/40 ባለ 17 ኢንች ጎማ ነው የሚያደርገው። በቂ ነው። ባለ 19 ኢንች ከባድ ቸርኬ ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍላል፣ ሾኩንም ሥራ ያበዛበታል። ከዚያ ይልቅ የጎማውን ዕድሜ እዩ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ይደርቃል። በደረቀ ጎማ ላይ የገባ ውድ ሾክ ምን እንደሚሠራ አታውቁትም።

አላይመንት ሳያሠሩ መንዳት

አንድ ጎሚኒ እንኳ ከተቀየረ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዘንበል ማስተካከል) መሠራት አለበት። አዲስ ሞላ ካስገባችሁ ጥቂት ቀን ንዱት፣ ይርጋ፣ ከዚያ ውሰዱት። የሹፌሩን ክብደት የሚያክል ነገር ወንበሩ ላይ አስቀምጡ። የኋላ ጎማዎቹ በትንሹ ወደ ውስጥ ማየት አለባቸው። ወደ ውጭ ካዩ መኪናው በፍሬንና በዝናብ ጊዜ ያሳብዳል። ውጤቱ የታተመበትን ወረቀት ተቀበሉና ያዙት። ቀጥሎ ስታብላይዘሩን ወይም ሌላ ነገር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ በዚያው ኩርባ፣ በዚያው ፍጥነት እለፉበት። እኔ የምጠቀመው ያንኑ የሀይዌይ መውጫ ነው፤ እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል።