ብሪታንያ ላላችሁ፦ ከባድ ጉዳት ያለበትን ሰው ከሥራ ግዴታ ነፃ ስለማስደረግ

ልጄ ከተወለደ ጀምሮ ሴሬብራል ፖልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። 18 ዓመት ሲሞላው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ጠየቅንለት። አይናገርም፤ ስለዚህ አፖይንቲ (ሕጋዊ ተወካዩ) ሆኜ በሱ ፈንታ የምሞላውም የምፈርመውም እኔ ነኝ። ፎርሙ ብዙ ወላጅ ያስጨንቃል፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በዩኒቨርሳል ክሬዲት አካውንቱ ላይ ሕመሙን አሳውቁ፤ ከጂፒ (ከቤተሰብ ሐኪማችሁ) ፊት ኖት፣ ማለት መሥራት እንደማይችል የሚገልጽ ወረቀት ውሰዱ። ከዚያ ዩሲ 50 የሚባለው ፎርም ይመጣል። መመለሻው 4 ሳምንት ነው። ኮፒውን አስቀሩ።

የምትፈልጉት ውጤት ኤልሲደብልዩአርኤ (LCWRA) ይባላል። ይህን ያገኘ ሰው ሥራ ፈልግ፣ ለሥራ ተዘጋጅ አይባልም፤ ተጨማሪ ገንዘብም አለው። ከዚህ ውስጥ ደግሞ «ከባድ ሁኔታ» ተብለው የሚለዩ አሉ፤ እነሱ ለድጋሚ ምዘና አይጠሩም። ይህ ከ2017 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ከኤፕሪል 2026 ወዲህ ግን የገንዘብ ልዩነትም አመጣ። አዲስ አመልካች በወር 217.26 ፓውንድ ተጨማሪ ሲያገኝ፣ ከባድ ሁኔታ ያለበት የዚያን እጥፍ ገደማ ያገኛል።

ለዚህ ለብቻው የሚሞላ ማመልከቻ የለም። የሚታየው ያው ፎርሙና ማስረጃችሁ ነው። ስለዚህ አጻጻፉ ላይ አትቸኩሉ።

ጥያቄዎቹ ስለ በሽታው ስም አይደሉም፤ ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው የሚጠይቁት። 50 ሜትር ሳያርፍ ይሄዳል? እጁን የደረት ኪሱ ድረስ ያነሳል? ግማሽ ሊትር የያዘ ካርቶን አንስቶ ያንቀሳቅሳል? የኔ ልጅ ካርቶኑን ሊይዝ ሲሞክር ክንዱ ይገተራል፣ ጣቶቹ ይቆለፋሉ፣ ካርቶኑ ይገለበጣል። ልክ እንደዚህ አድርጌ ጻፍኩት። «ይቸገራል» ብቻ ብትሉ ማንም አይገባውም።

ከባድ ሁኔታ ለመባል ችግሩ ያንን ነገር በሞከረ ቁጥር ያለ መሆን አለበት፤ ዕድሜ ልክም የሚቆይ። ምርመራው በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) የተረጋገጠ ይሁን። ሁልጊዜ የማይችለውን «አንዳንዴ ያቅተዋል» ብላችሁ አታለዝቡት። ሕመሙ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ ግን እውነቱን ጻፉ፤ ኤልሲደብልዩአርኤ ያኔም ይቻላል።

እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ እንጎዳለን። «እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። አቅሙን የሚመዝነው ባለሙያ ሰላምታ መሆኑን አያውቅም፤ ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። «ይሻለዋል ወይ?» ሲባልም እናት አፏ «አይሻለውም» ለማለት አይታዘዝላትም። እኔም ጸበሉን አልተውኩም፣ ተስፋዬንም አልቆረጥኩም። ፎርሙ የሚጠይቀው ግን ሐኪም የሚያውቀውን ነው። ስፔሻሊስቱን «ዕድሜ ልክ ነው፣ የመዳን ተስፋ የለውም» የሚለውን በደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁት። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከወፍራም የቀጠሮ ወረቀት ክምር ይበልጣል።

ሐኪሞች ከ12 ወር በላይ ላይቆይ ይችላል ያሉት ሕመምተኛ ዩሲ 50 አያስፈልገውም። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ኤስአር 1 የሚባለውን ፎርም ይሞላሉ፤ ሌላው ሰው ተጨማሪው ገንዘብ እስኪጀምር የሚጠብቀውን 3 ወርም አይጠብቅም። ኬሞቴራፒ ወይም ራዲዮቴራፒ ላይ ያለ የካንሰር ታማሚም ፎርሙ ላይ ያንን ይግለጽ፤ ሕክምናው ካደከመው በዚያ ምክንያት ብቻ ኤልሲደብልዩአርኤ ሊሰጠው ይችላል።

ለቃለ ምልልስ ከተጠራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ታናሽ ልጃችሁን አታስተርጉሙት፤ የወንድሙን ሽንት ቤት ጉዳይ በሱ አፍ ማስነገር ከባድ ነው። መውጣት የማይችል ከሆነ በስልክ ወይም ቤት መጥተው እንዲያዩት አመልክቱ።

ውሳኔው ካላረካችሁ በአንድ ወር ውስጥ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን፣ ማለት ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። እዚያም እምቢ ከተባላችሁ ወደ ትሪቢውናል (ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት) መሄድ ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነፃ ያግዛችኋል፤ ስትሄዱ ያስቀራችሁትን ኮፒና የውሳኔውን ደብዳቤ ያዙ።