«እሺ» አትበል፣ ድገም፦ ለጀማሪ አብራሪ

አብራሪነት ልትማር ነው አሉኝ። እንኳን ደስ አለህ! እንግሊዝኛው ይደርሳል፤ መጀመሪያ «እሺ»ህን እናስተካክል። ዕድሜዬን የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ታወር ውስጥ ማይክ ይዤ ነው የጨረስኩት። ከጉም ይልቅ የሚያስፈራኝ «እሺ» ነበር።

ጣና ዳር ስድስት ሆናችሁ ተቀመጡ። ሁለት ማኪያቶ፣ አንዱ ያለ ስኳር፣ ሦስት ሻይ፣ ዓሣ ጥብስ፣ ዳጣ ለብቻ ብላችሁ እዘዙ። «እሺ» ብላ የሄደችው አስተናጋጅ ምን ይዛ እንደምትመጣ እንጃ። ደግማ የነገረቻችሁ ግን ብትሳሳት እዚያው ታርሟታላችሁ። ሬዲዮ ላይ ይህ ሪድባክ ይባላል።

ማኮብኮቢያ ላይ ግባ፣ ተሻገር፣ ጠብቅ፣ ተነሳ፣ እረፍ ከተባልክ ከነማኮብኮቢያው ቁጥር ድገም። ከፍታን፣ አቅጣጫን፣ ፍጥነትን፣ የአልቲሜትር (የከፍታ መለኪያው) ልክን፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላንህን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮድንም እንዲሁ። የጥሪ ስምህን አትርሳ። ነፋሱን መድገም ግን አይጠበቅብህም፤ መስመሩን አታጨናንቅ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፍ ላይ የኬኤልኤም አውሮፕላን ሳይፈቀድለት መንደርደር ጀመረ። «ቴክኦፍ ላይ ነን» ሲል ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» ሲል እዚያው ማኮብኮቢያ ላይ የነበረው የፓንአም አውሮፕላን አብራሪዎችም እኩል ተናገሩ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጭተው ሬዲዮው አፏጨ። ኬኤልኤም ጋ ጥርት ብላ የደረሰችው ያቺ «ኦኬ» ናት። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ዛሬ «ቴክኦፍ» (መነሳት) የሚባለው ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» ነው።

ቁጥር ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኩዋላ ላምፑር አጠገብ አንድ የጭነት ቦይንግ 747 «ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» ተባለ፤ ወደ 2400 ጫማ ውረድ ነው። አብራሪዎቹ ቁጥር ሁለትን፣ «ቱ»ን፣ እንደ እንግሊዝኛው «ወደ» ሰሙት፤ ወደ 400 ጫማ መሰላቸው። «ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብለው መለሱ። ያረማቸው የለም። ኮረብታ ላይ ወድቀው አራቱም ሞቱ። ስለዚህ ደግመህም ሰሚው ካላዳመጠህ ዋጋ የለውም።

የእኛ ሰዓትማ ሌላ ጣጣ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት 0300 ብዬ ጻፍኩት። በዩቲሲ (በአቪዬሽን በምንጠቀምበት የዓለም ሰዓት) 0600 ነው። አለቃዬ ሳይቆጣ በእርሳሱ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ፤ እስካሁን ይሰማኛል።

አሁን ልምምድ። ፊትህን ወደ ሐይቁ አዙር። ጓደኛህ ከኋላህ ሆኖ ትእዛዝ ያንብብልህ። ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ጀልባ ሞተሩን ቢያስነሳም ጓደኛህ ማንበቡን አያቁም። ጻፍ፣ ድገም። ያልሰማኸውን አትገምት፤ «ሰይ አጌይን» (ድገምልኝ) በል። 9ን «ናይነር»፣ 5ን «ፋይፍ»፣ 3ን «ትሪ» እያልክ። በየመሀሉ ሆን ብለህ አንድ ቁጥር አሳስት። ጓደኛህ «ልክ ነው» ካለህ የዓሣውን ሂሳብ እሱ ይክፈል።