የማር እንጀራ የሚመስል ቀዳዳማ ፊልም (ስስ ሽፋን) በጤዛ እንዴት ይሠራል

መስታወት ላይ ስትተነፍሱ የሚታየው ድብዛዜ የጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሳይንቲስቶቹ ጆን ኤትከንና ሎርድ ሬይሊ ይህንኑ ድብዛዜ አጥንተው ጽፈዋል። በ1994 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ዊዳውስኪ፣ ራዊሶና ፍራንሷ እነዚያን ጠብታዎች እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀሙባቸው። ፖሊስቲሪን የተባለው ፕላስቲክ ላይ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አገኙ። ውድ ማሽን የማይጠይቅ ዘዴ ስለሆነ ለእኛ ቤተ ሙከራዎች በጣም ይመቻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎሮፎርም በሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ፖሊመር (እንደ ፖሊስቲሪን ያለ ፕላስቲክ) መስታወት ላይ ይፈስሳል። ክሎሮፎርሙ ሲተን የፈሳሹ ገጽ በኃይል ይቀዘቅዛል። ዙሪያው ያለው እርጥብ አየር እዚያ ላይ ጤዛ ይሆናል። ጠብታዎቹ ያድጋሉ፣ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ፖሊመሩ በዙሪያቸው ስለሚጠነክር እርስ በርስ አይዋሃዱም። በመጨረሻ ውሃውም ይተናል፣ ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር፦ ይህ ሥራ ቤት ውስጥ አይሞከርም። የክሎሮፎርም ትነት ጉበትን ይጎዳል፣ በካንሰር አምጪነትም ይጠረጠራል። የጭስ መሳቢያ (ትነትን ወደ ውጭ የሚስብ የሥራ ሳጥን) ያለው ቤተ ሙከራ ግዴታ ነው። ተራው የናይትራይል ጓንት ክሎሮፎርምን ብዙም አይመክትም፤ ከነካው ወዲያው ቀይሩት።

ሶሉሽኑ ቀላል ነው። 0.3 ግራም ፖሊስቲሪን በ10 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም ውስጥ፣ በተከደነ የመስታወት ጠርሙስ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ። ለፖሊስቲሪኑ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ቴሌቪዥን ማሸጊያው ነጭ ፎም ነው። ይሟሟል፣ ቀዳዳም ይሰጣል፤ ግን ድርድሩ የተዘበራረቀ ይሆናል። የሞለኪውሉ ጫፍ ላይ ውሃ ወዳድ የአቶም ቡድን ያለው ፖሊስቲሪን ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ። ጠብታውን ከቦ የሚይዘው ያ ጫፍ ነው። ስላይዱን (ፊልሙ የሚሠራበትን ትንሽ መስታወት) ደግሞ በሳሙና፣ በተጣራ ውሃና በአልኮል አጥባችሁ አድርቁት። ለመያዣ የላስቲክ ፔትሪ ዲሽ እንዳትጠቀሙ። ብዙዎቹ ራሳቸው ፖሊስቲሪን ስለሆኑ ክሎሮፎርም ሲነካቸው ይቀልጣሉ።

ዋናው ፈተና እርጥበቱ ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ ይብሳል። በታኅሣሥና በጥር ያ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ የክፍሉ እርጥበት በጣም ይወርዳል። አየሩ 25 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚጀምረው ወደ 6 ዲግሪ ሲወርድ ነው። እርጥበቱ 75 በመቶ ቢሆን ግን 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ይጀምራል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። በደረቁ አየር ጠብታዎቹ ለማደግ ጊዜ ሳያገኙ ክሎሮፎርሙ ያልቅና ለስላሳ፣ ቀዳዳ የሌለው ፊልም ይተርፋችኋል። ከፍታውም አለ። ከተማዋ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች፣ ባሕር ወለል ላይ በ61 ዲግሪ የሚፈላው ክሎሮፎርም እዚህ በ55 ገደማ ይፈላል። ቶሎ ይተናል ማለት ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር ጽሑፍ ላይ የተገኘ ቁጥር እንዳለ አይሠራም። «በሐምሌ ሠርቶ ነበር፣ አሁን እምቢ አለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፖሊመሩን ሳይሆን አየሩን ይፈትሽ።

መፍትሔው የራስን አየር መሥራት ነው። ሰዎች የእንፋሎት ማሽን ይገዛሉ፤ እኔ አልወደውም። እርጥበቱ ይዋዥቃል፣ ጠብታም ይረጫል። ጨው ይሻላል። ቢያንስ 3 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ አዘጋጁ። ትንሽ ውሃ ውስጥ የምግብ ጨው እየጨመራችሁ አማስሉ፣ አልሟሟም ብሎ ከሥር እስኪቀር ድረስ። ያንን በሰሃን አድርጋችሁ ማሰሮው ውስጥ አስቀምጡና ክደኑ። በክፍል ሙቀት የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሄዶ ይቆማል። በምግብ ጨው ፈንታ ፖታሲየም ክሎራይድ ከሆነ 84 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ያልሟሟ ጨው ሁልጊዜ ከሥር መታየት አለበት፤ ካለቀ ቁጥሩን አትመኑ።

በዲጂታል የእርጥበት መለኪያ አረጋግጡ። ርካሹም ይበቃል። ቁጥሩ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ታገሡ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ከዚያ መለኪያውን አውጡት፣ የክሎሮፎርም ትነት ሴንሰሩን ያበላሸዋልና። ካወጣችሁት በኋላ አየሩ እንደገና እስኪረጋጋ ጠብቁ። ጠባብ ጠርሙስ ግን አይሆንም። ትነቱ መውጫ አጥቶ ይታመቃል፣ መድረቁ ይዘገያል፣ ጠብታዎቹም ተዋህደው ትልልቅና የተበላሹ ቀዳዳዎች ይሆናሉ።

ማሰሮው የጭስ መሳቢያው ውስጥ ይሁን፤ ክዳኑ ከመሳቢያው ነፋስ ይከላከላል። ስላይዱን አስቀድማችሁ ከጨው ሰሃኑ በላይ ባለ ጠፍጣፋ መቆሚያ ላይ አድርጉት። ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር ጥሩ ነው። በእሷ በኩል በረጅም የመስታወት ፒፔት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሊትር ሶሉሽን ስላይዱ ላይ ጣሉና ቀዳዳዋን በቴፕ ድፈኑ። ብዙም ሳይቆይ ፈሳሹ ወተት ይመስላል። ጤዛው መጥቷል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ክዳን ከፍቶ ማየት የብዙ ተማሪ ፈተና ነው። አትክፈቱ። ፊልሙ እስኪደርቅ ጠብቁ።

የደረቀውን ፊልም ብርሃን ላይ አዘንብሉት። የቀስተ ደመና ቀለም ካሳየ ቀዳዳዎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ነጭ ብቻ ከሆነ ተዘበራርቀዋል። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ካላቸው ተራ ማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ያሳያችኋል። ቀዳዳዎቹ ጠበቡባችሁ እንበል፤ እርጥበቱን ጨምሩ ወይም ሶሉሽኑን አቅጥኑ። ሲሰፉባችሁ ግልባጩን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

ሲሳካላችሁ ቴፕ ለጥፋችሁ የላይኛውን ንጣፍ ላጡት። ሹል ሹል ጫፎች ይቀራሉ። ያንን ገጽ ውሃ አያረጥበውም፣ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቆማል።

የተረፈውን ክሎሮፎርም ወደ ቧንቧ አትድፉ። ክሎሮፎርም የሚል ምልክት በለጠፋችሁበት፣ ለብቻው በተለየ ጠርሙስ ይቀመጥ። አሴቶን ካለበት ቆሻሻ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅሉት፤ እንደ ሶዳ አሽ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ያለ ነገር ከገባበት በኃይል ሊፈነዳ ይችላል።